ክፉ ሰው ሆኖ እንጀራ መብላት፦ የባለጋራ ሚና ለሚጫወቱ የጅማ ተዋናዮች

ኦዲሽን ላይ «አሁን ክፉ ሰው ሆናችሁ አሳዩን» ሲባል አብዛኛው ተፈታኝ ቅንድቡን ይሰበስባል፣ ድምፁን ያጎረንናል፣ ድፍረት ካለው ጠረጴዛ ይመታል። አዘጋጁ ያንን ሰው በዚያው ጠዋት ደጋግሞ አይቶታል። የሚያስታውሰው ወንበሩን ስቦ በቀስታ የተቀመጠውን፣ ውሃ ለምኖ የጠጣውን፣ ጠጥቶም «ይስጥልኝ» ያለውን ነው። ይህ መመሪያ ያንን ሁለተኛውን ሰው ስለመሥራት ነው።

መጀመሪያ ስለ ዕድሜ፤ ብዙዎች «ጊዜው አለፈብኝ» ብለው ሳይጀምሩ ይተዉታልና። የፍቅረኛ ሚና ከፀጉር መሳሳት ጋር ይሄዳል፤ የባለጋራ ሚና ግን ሽበት ሲጨመርበት ይጣፍጣል። የሕንድ ፊልም እያየ ያደገ ሰው አምሪሽ ፑሪን አይረሳውም። በወጣትነቱ ለፊልም ተፈትኖ ወደቀ፤ ሃያ ዓመት ገደማ በመንግሥት የመድን መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ እየሠራ በትርፍ ጊዜው መድረክ ላይ ይጫወት ነበር። ፊልሙ በደንብ የያዘው ወደ አርባ ሲጠጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 «ሚስተር ኢንዲያ» በተባለው ፊልም ሞጋምቦ የተባለውን ባለጋራ ሆኖ ሲወጣ ሃምሳዎቹን አጋምሶ ነበር። ስለዚህ የመምህርነት፣ የሱቅ ወይም የባጃጅ ሥራችሁን አትልቀቁ። ወር የሚያደርስ ገንዘብ ያለው ተዋናይ መጥፎ ስክሪፕትን እምቢ ማለት ይችላል፤ በዚህ ሙያ ደግሞ ከምትጫወቱት ይልቅ እምቢ ያላችሁት ስማችሁን ይጠብቃል።

ስክሪፕቱ ሲደርሳችሁ

ቃለ ተውኔት ለመሸምደድ አትቸኩሉ። ሦስት ጊዜ አንብቡት። በመጀመሪያው ንባብ እናንተ የሌላችሁባቸውን ትዕይንቶች ብቻ አስምሩባቸው፦ ስለ እናንተ ምን ይባላል? ስማችሁ ሲነሳ ድምፁን የሚቀንሰው ማነው? የፍርሃቱን ግማሽ የሚሠሩላችሁ እነዚያ ሰዎች ናቸው። አንቶኒ ሆፕኪንስ እ.ኤ.አ. በ1992 የኦስካርን የመሪ ተዋናይ ሽልማት የወሰደበት ሰው በላ ሐኪም በ«ሳይለንስ ኦቭ ዘ ላምብስ» ፊልም ላይ የሚታየው ከግማሽ ሰዓት ላነሰ ጊዜ ነው፤ ቀሪውን ጊዜ ሌሎች ሲፈሩት ነው የምናየው። ሌሎቹ ካዘጋጁላችሁ እናንተ ገብታችሁ መጮህ አይጠበቅባችሁም። ካላዘጋጁላችሁ ግን ጸሐፊውን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ አንድ ሰው በር ሲንኳኳ የሚደነግጥበት መስመር ብቻ እንኳ ብዙ ሥራ ያቀልላችኋል።

በሁለተኛው ንባብ ሰውዬው የሚፈልገውን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በእሱ አፍ፣ «እኔ» ብላችሁ ጻፉ። መፈተኛው ይህ ነው፦ እናቱ ብትሰማው «ልጄ እውነቱን ነው» ትላለች? የማትል ከሆነ ገና አልገባችሁም። ለምሳሌ ሚናው በጅማ ዙሪያ የገበሬን ቡና በርካሽ የሚጠቀልል ነጋዴ ይሁን። «ገበሬውን መበዝበዝ እፈልጋለሁ» የሚል ሰው ምድር ላይ የለም። ሰውዬው የሚለው፦ «ነሐሴ ላይ ቤታቸው ባዶ ሆኖ ልጅ ሲታመም ብር ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ጥቅምት ላይ ቡናው ሲቀላ ነው እንዴ ዋጋ የሚጠየቀው?» ይህን ስትሉት ሆዳችሁ ውስጥ ትንሽ «እውነት እኮ ነው» የሚል ነገር ከመጣ ሚናውን ይዛችሁታል።

ሦስተኛው ንባብ የሚሸነፍበትን ቦታ መፈለጊያ ነው። የመጨረሻውን ሽንፈት ማለታችን አይደለም፤ እሱ ተጽፎ ይመጣል። መሐል ላይ ለአፍታ የሚዋረድበት፣ የሚያፍርበት ወይም የሚሳሳለት ሰው የሚገባበት ትዕይንት አለ። እዚያ ላይ እውነተኛ ካልሆናችሁ ቀሪው ሁሉ ካርቱን ይሆናል።

ለእንዲህ ያለው ነጋዴ ጥናቱ ከቤታችሁ ሩቅ አይደለም። ሂርማታ ገበያ ሐሙስ ቀን ገብታችሁ አፋቸውን ትታችሁ እጃቸውን እዩ። ጀንፈል የሚገዛ ሰው ጥቂት ፍሬ በጭብጡ ይዞ ጆሮው አጠገብ ያንቃጭላል፤ ደርቆ ከሆነ ፍሬው ውስጡ ይንቃጨላል፣ እርጥብ ከሆነ ዝም ይላል። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ ሒሳቡን በጣት ሳይሆን በዓይን የሚያሰላ ሰው ማን እንደሆነ ለዩ። ሚዛን ላይ የሚያጭበረብር ሰው ወደ ሚዛኑ አያይም፤ የባለቡናውን ዓይን እያየ ስለ ጤንነቱ ይጠይቀዋል፣ ጉልበቱ ግን ጆንያውን ከሥር ይደግፈዋል። ይህ አንድ እንቅስቃሴ ከሁለት ገጽ ቃለ ተውኔት ይበልጣል። ሰው ስታጠኑ አትቅረጹ፤ ነውርም ነው፣ ጠብም ያመጣል።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ

ሽማግሌዋ ሴት ቤት ገብቶ መሬቷን ለመውሰድ የሚያስፈራራ ሰው እንጫወት። ቡና ተፈልቷል፤ እሷ ካልቀዳችለት ባህሉ ይጎድላል፣ እሱም ካልጠጣ ነውር ነው። የእኛ አገር ባለጋራ ትልቁ መሣሪያ ይሉኝታ ነው፤ ሽጉጥ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አቦል ላይ እንግዳ ብቻ ናችሁ። «እማማ፣ እጅዎን አያድክሙ፤ እኔ ልቀበልዎ።» እውነተኛ አክብሮት አድርጉት፣ የሽሙጥ ጥላ እንኳ አይኑርበት። ቶና ላይ የምታውቁትን ታሳያላችሁ። «ልጅዎ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛን ይፈተናል አይደል? በየትኛው መንገድ ነው የሚመላለሰው?» ድምፁ ከአቦሉ ዝቅ፣ ፍጥነቱም ቀስ ይበል። በረካ ላይ ስኒውን መልሳችሁ ወደ እሷ ግፉ፦ «ይሄን እርስዎ ይጠጡልኝ። የሚመጣውን በረካ የማን ቤት እንደምንጠጣው ምን ይታወቃል።» ከዚያ ዝም። እሷ እስክትጠጣ ድረስ ዝም።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ተዋናዩ ዛቻውን አቦል ላይ ይጀምረዋል። ከዚያ ለበረካ የሚቀረው ጩኸት ብቻ ይሆናል። አቦሉን ረዘም አድርጋችሁ ተጫወቱት፣ በረካውን አሳጥሩት። አዘጋጁ «ይፍጠን» ካለ ከቶናው ላይ ቁረጡ እንጂ ከዝምታው ላይ አትቁረጡ።

ሌላው ጉልበት አማርኛው ራሱ የሚሰጣችሁ ነው። ሙሉ ትዕይንት «እርስዎ» ሲል የቆየ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ «አንቺ» ቢል ከጥፊ ይከፋል። ግን አንድ ጊዜ ብቻ። ስክሪፕቱ ከመጀመሪያው መስመር «አንቺ» የሚል ከሆነ የምትወርዱበት ደረጃ የለምና ጸሐፊውን አነጋግሩ። ተቃራኒውም ይሠራል፦ አሽከሩን «አንተ» ሲል የኖረ ጌታ ድንገት «እርስዎ» ብሎ ወንበር ቢስብለት ተመልካቹ የዚያን ሰው መጨረሻ ያውቃል። በኦሮምኛ ስትጫወቱ «ኢሲን»ን ይዛችሁ ወደ «አቲ» መውረድ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ሁለቱንም ቋንቋ አጣርቶ የሚናገር የጅማ ተዋናይ ሁለት ገበያ አለውና ይህን ልዩነት በሁለቱም ተለማመዱት።

ቋንቋን ካነሣን፦ ክፋቱ በአነጋገር ዘዬው ብቻ የተጻፈ ሚና ሲመጣ አትቀበሉት። የአንድን አካባቢ ሰው አማርኛ አጣሞ በመናገር ጨካኝ መምሰል ሥራን ማምለጥ ነው፤ ጦሱ ደግሞ ለጸሐፊው ሳይሆን ፊቱ ለታየው ለእናንተ ይተርፋል። በፊት ጠባሳ ክፋትን ማሳየትም ከዚሁ አይርቅም።

ቡናውን በሚመለከት ጥቂት የሥራ ነገሮች። ስምንት ጊዜ ከተቀረጸ በአንድ ትዕይንት 24 ስኒ ልትጠጡ ነው፤ ከሰዓት በኋላ እጃችሁ ይንቀጠቀጣል፣ ልባችሁም ይመታል። የስኒው ሲሶ ብቻ ይቀዳ፤ ቡናውም ውሃ የበዛበት ይሁን። ስኒ በየትኛው እጅ እንደያዛችሁና በየትኛው ቃል ላይ እንዳስቀመጣችሁት ስክሪፕቱ ላይ ጻፉ፤ ቅርብ ሾት ሲቀረጽ ካልገጠመ ኤዲተሩ ምርጡን ትወናችሁን ቆርጦ ይጥለዋል። የእጣኑም ጭስ እንዲሁ፤ በአንዱ ሾት ወፍራም፣ በሌላው የሌለ ከሆነ አይቀጠልም። ተመሳሳይ ስኒ ስድስት ያህል ይያዝ፤ ይሰበራልና።

ፊትና ድምፅ

ሰው በእርጋታ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል። በቅርብ ሾት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ሙሉ ሳያርገበግቡ መናገር ተመልካቹን ሳያውቀው ያስጨንቀዋል። ልምምዱ፦ መስታወት ፊት ቆማችሁ አሥር ሰከንድ፣ በየሁለት ቀኑ አምስት ሰከንድ እየጨመራችሁ እስከ ሠላሳ። ዓይናችሁ ካነባ ቁሙ። ነገር ግን ይህን በየትዕይንቱ አትጠቀሙበት፤ ለአንድ ወይም ለሁለት መስመር ብቻ አስቀምጡት። አብሯችሁ የሚጫወተውን ስታዩ ዓይናችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ዓይኑ አይመላለስ፤ ለካሜራው የቀረበውን አንዱን ብቻ እዩ። ዓይን የሚመላለስበት ሰው የፈራ ይመስላል።

ድምፅ የሚጎዳው በጩኸት ብዛት ሳይሆን በጉሮሮ በሚወጣ ጩኸት ነው። አንገታችሁ ላይ ሥር ከተገተረ ስህተት ነው፤ አየሩ ከወገብ በላይ ካለው የጎን አጥንት ይምጣ። በሹክሹክታ መዛትም ድምፅን ያደክማል፤ ካሜራ ላይ የሚሻለው ዝቅ ያለ ግን ድምፅ ያለው ንግግር ነው። ጫት አፍና ጉሮሮ ያደርቃል፤ በቀረጻው ቀንና በዋዜማው ተዉት፤ ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ፊትም ሜካፕ አይሸፍነውም። ሻካራነቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ የጉሮሮ ሐኪም ይያችሁ፤ ማርና ዝንጅብል እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው።

ለመለማመጃ ጽሑፍ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ከመለሰው የሼክስፒር «ኦቴሎ» የባለጋራውን የኢያጎን ንግግሮች ውሰዱ። ኢያጎ በዚያ ተውኔት ከኦቴሎ ራሱ ይበልጥ ይናገራል፤ ሁሉም ደግሞ «ታማኙ» ይሉታል። አንዱን መነባንብ ስልካችሁን 20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ አድርጋችሁ፣ ጋቢ በተንጠለጠለበት ክፍል ውስጥ ቅረጹትና ለወዳጅ ሰው እንደ ምክር እያቀረባችሁ ተናገሩት። ሲሰማ ምክር ከመሰለ ትክክል ነው። የሬዲዮ ድራማ ዕድል ካገኛችሁ ክፍያው ቢያንስም ተቀበሉ፤ ፊት የማይረዳበት ቦታ ድምፅን ያስተምራል።

እጅ ከመሰንዘር በፊት

በቀረጻ ቦታ ላይ ከሁሉ የዋሁ ሰው ባለጋራው መሆን አለበት። አብሯችሁ የምትጫወተው ልጅ እጃችሁን ካላመነች ፍርሃቷ እውነተኛ ይሆናል፤ እውነተኛ ፍርሃት ደግሞ ቃለ ተውኔት ያስረሳል እንጂ አያምርም።

ጥፊ እንዲህ ይሠራል። የክንድ ርዝመት ያህል ራቁ። ዓይን ለዓይን ተያዩና በጥቅሻ ተስማሙ። እጃችሁ ከፊቷ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይለፍ፤ አቅጣጫው ከጎን ወደ ጎን እንጂ ወደ ፊት አይሁን። ካሜራው ከአንዳችሁ ትከሻ ጀርባ ቆሞ እጁ ፊቷን አቋርጦ ሲያልፍ ይይ፤ 85 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሌንስ ክፍተቱን ይውጠዋል። ፊቷን የምታዞረው እጁ ፊቷ ትይዩ ሲደርስ ነው፤ ከቀደመች ያስቃል፣ ከዘገየች ውሸቱ ይታያል። መድረክ ላይ ድምፁን ተመቺዋ ራሷ ደረቷን ወይም መዳፏን በመምታት ትሰጣለች፤ ፊልም ላይ በኋላ ይጨመራል። ልምምዱን በሩብ ፍጥነት፣ ከዚያ በግማሽ፣ ከዚያ በሦስት አራተኛ አድርጉ፤ ሙሉ ፍጥነት ለቀረጻ ብቻ።

ማነቅ ከሆነ መዳፋችሁ የሚያርፈው አጥንቱ ላይ፣ ማለትም ከአንገት በታች ባለው ትከሻ አጥንት ላይ ነው፤ ጉሮሮ አይነካም። የሚታነቀው ሰው አንጓችሁን ይያዝ፤ የሚስበውም የሚገፋውም እሱ ነው። ፀጉር መጎተትም እንዲሁ፦ ባዶ ጭብጣችሁን ጭንቅላቷ ላይ አሳርፉ፣ በሁለት እጇ አንጓችሁን ወደ ታች ትጫን፣ እሷ ትሂድ እናንተ ተከተሉ። አንድ «ቁም» የሚል ቃል ተስማሙ፤ ማንም ሲለው ሁሉም ይቆማል፣ ማብራሪያ አይጠየቅም። «እውነት ምታው፣ እንዲያምር» የሚል አዘጋጅ ካጋጠማችሁ ሥራውን እንደማያውቅ ነግሯችኋል።

የአሻንጉሊት ሽጉጥ ይዞ ጎዳና ላይ መውጣት ቀልድ አይደለም። ከፈቃዱ ደብዳቤ ሌላ ለአካባቢው ፖሊስ ሰዓቱና ቦታው በቃልም ይነገር፤ በሾቶች መካከል ሽጉጡ በከረጢት ይሁን። እውነተኛ መሣሪያ፣ ባዶም ቢሆን፣ አይግባ። ገጀራው ከእንጨት ተቀርጾ ብርማ ቀለም ይቀባ። እሳት ካለ ደግሞ የልብስና የሜካፕ ዓይነት ይጠየቅ፦ አሜሪካዊቷ ተዋናይ ማርጋሬት ሃሚልተን «ዘ ዊዛርድ ኦቭ ኦዝ» ፊልም ላይ አረንጓዴዋን ጠንቋይ ስትጫወት እ.ኤ.አ. በ1938 መጨረሻ ፊቷና እጇ ተቃጥሎ ስድስት ሳምንት ገደማ ከሥራ ቀርታለች፤ ቀለሙ መዳብ ያለበት ስለነበር ቁስሉ ሳይጸዳ መተው አይቻልም ነበር። ስትመለስ የመጀመሪያ ቅድመ ሁኔታዋ «እሳት የለም» የሚል ሆነ።

ደም ለመሥራት ሁለት ኩባያ ስኳር በአንድ ኩባያ ውሃ አሥር ደቂቃ ያህል አፍሉ፤ ሲቀዘቅዝ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀይ የምግብ ቀለምና አንድ የሾርባ ማንኪያ ወፍራም ቡና ጨምሩ። ቡናው ካነሰ ሮዝ ይሆናል፣ ስኳሩ ከወፈረ ፊት ላይ ሽሮፕ ሆኖ ይቆማል። በማር የሚሠሩ አሉ፤ ጅማ ዙሪያ ሜዳ ላይ ማር ተቀብቶ መቆም ንብ መጥራት ነው። ቀለሙ ከነጭ ጋቢ አይለቅምና ለአንድ የደም ትዕይንት ሦስት ተመሳሳይ ልብስ ይዘጋጅ። በአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወይም በሌላ ቅርስ ቦታ ስትቀርጹ ደሙን ጭራሽ አትክፈቱት፤ አሮጌ እንጨት ይጠጣዋል።

ከጅማ ሆኖ ሥራ ማግኘት

ብዙው ካስቲንግ አዲስ አበባ ነው፤ መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአውቶቡስ ቀን ይበላል። ለእያንዳንዱ ጥሪ አትሂዱ። መጀመሪያ በስልክ የተቀረጸ ፈተና ላኩ፦ ስልኩ አግድም፣ በዓይናችሁ ከፍታ፣ አንድ ሜትር ተኩል ርቆ፤ ብርሃኑ ከፊታችሁ ካለ መስኮት፤ ጀርባችሁ ባዶ ግድግዳ። ቃል የሚያቀብላችሁ ሰው ከሌንሱ አጠገብ ይቁም፣ ድምፁ ከእናንተ ዝቅ ይበል። በክረምት የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ቃል አይሰማምና በማለዳ ቅረጹ። በቴሌግራም ስትልኩ በፋይል መልክ ላኩት፤ እንደ ተራ ቪዲዮ ከተላከ ጥራቱ ይወርዳል። የፋይሉ ስም ስማችሁና ሚናው ይሁን።

የሥራ ማሳያ ቪዲዮ ከ90 ሰከንድ አይለፍ፤ በሙዚቃና በስም ጽሑፍ አይጀምር፣ በፊታችሁ ይጀምር። ከሦስቱ ቁርጥራጭ አንዱ ክፉ ያልሆናችሁበት ይሁን። ፎቶ ሦስት ይበቃል፦ ፈገግታ፣ ዝምታ፣ ሙሉ ቁመት። በቁጣ ያፈጠጠ ፎቶ አትላኩ። ለኦዲሽን የመመዝገቢያ ብር የሚጠይቅ ካለ ንግዱ ያ ብር ነው፤ ተዉት።

ውል ላይ ክፍያው ብቻ አይጻፍ። የቀረጻው ቀን ብዛት፣ ከዚያ ሲያልፍ የቀኑ ሒሳብ፣ ትራንስፖርት፣ ማደሪያ፣ አበል፣ ድምፅ መልሶ መቅዳት በክፍያው ውስጥ መሆኑና አለመሆኑ፣ ቅድሚያ የሚከፈለው መጠን፤ ሁሉም ይስፈር። ባለጋራ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ይሞታል፤ ሞቱ ቀድሞ ከተቀረጸ ቀሪ ክፍያውን የሚያስታውስ ይጠፋልና የመጨረሻው ክፍያ የመጨረሻ ትዕይንታችሁ ከመቀረጹ በፊት እንዲሆን ተደራደሩ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኝን መብት ያውቃል፤ ሥራችሁ ከተስማማችሁበት ውጪ ለማስታወቂያ ተቆርጦ እንዳይውል አንድ አንቀጽ አስገቡ።

ሦስት ተከታታይ ክፉ ሚና ከተጫወታችሁ አራተኛውን ቀይሩ። ኮሜዲ ይሁን፣ አባት ይሁን፣ ክፍያው ቢያንስም ይሁን። ካልሆነ ስክሪን ላይ ብቅ ስትሉ ተመልካቹ ታሪኩን ይጨርሰዋል፤ ጸሐፊዎችም ምስጢር ላለው ሚና አይጠሯችሁም።

ከተላለፈ በኋላ

ጅማ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ድራማው ከመተላለፉ በፊት ለእናታችሁ፣ ለባለቤታችሁና ለልጆቻችሁ የሚያዩትን ንገሯቸው፤ «ልጅሽ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የከፋው» የሚለው ጥያቄ ወደ እነሱ ነው የሚሄደው። ገበያ ውስጥ የሚረግማችሁ ሰው እያመሰገናችሁ ነው፤ ቀድማችሁ ሰላም በሉት፣ አትከራከሩት። ሠርግ ላይ «ያችን ዛቻ በላት እስቲ» ሲሏችሁ ሳቁና እለፉ፤ አንዴ ካላችኋት የሁሉም ሠርግ ዕቃ ትሆናላችሁ። የጠጣና የተናደደ ሰው ካለ ደግሞ ማስረዳት አያዋጣም፤ ባጃጅ ያዙ።

ሕፃናት ለብቻቸው ናቸው። ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1975 በልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ቀርባ የጠንቋይዋን ልብስ ልጆች እያዩ አንድ በአንድ ለብሳ ያሳየችው እነሱን ማስፈራቷ ስለሚያሳዝናት ነበር። ትምህርት ቤት ከጋበዛችሁ ያንን አድርጉ፤ ኮቱን እዚያው ልበሱት፣ እዚያው አውልቁት። መንገድ ላይ አይቷችሁ የሚያለቅስ ልጅ ካጋጠማችሁ አትጠጉት፣ ከረሜላም አታውጡ። ባላችሁበት ቁጭ በሉና እናቱን ሰላም በሉ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው ዋጋ ጠይቋት። እሷ ስትስቅ ካየ በኋላ ራሱ ቀርቦ ጫማችሁን ይነካል።